ለዶኛ ኢኔስ የተላኩ ሽማግሌዎች

አባቴ ሳይመርቁኝ ነው ከቢቸና የወጣሁት እያላችሁ የምታወሩትን ሰምቻለሁ። ውሸት ነው። ገና ሊነጋጋ ሲል፣ ረዳቱ ሻንጣዬን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ እየጠፈረ፣ አባቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው መናኸሪያው በር ላይ ቆመው «እግዚአብሔር ከፊትህ ይቅደም» ብለውኛል። ከዚያ «ጃኬትህን ቆልፈው» አሉና ለኪዳን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ምን እንዲሉ ፈልጋችሁ ነበር? አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ተማሪ አገር ጉድ የሚያሰኝ ቅኔ ቢቀኝላቸው እንኳ የሚሉት «ይሁን» ብቻ ነው። ያን ጠዋት ምርቃቱን ቢያስረዝሙት ኖሮ ታመው ነው ብዬ እደነግጥ ነበር።

አውቶቡሱ ደጀንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ሲወርድ አለቀሰ ብላችሁም አውርታችኋል። ይኸኛው እውነት ነው።

ሞጣ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ስልኩ ሲጠፋ ሲመጣ ሰው ምን እንደሚሆን ለእናንተ አልነግራችሁም። በዚያ መሀል ስፔን ያለ አንድ ማኅበር ለመምህራን አጭር ስልጠና ብሎ ጠራኝ። ስልጠናው አለቀ፣ ሌሎቹ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዱ፣ እኔ ቀረሁ። የእኔ ስደት ይኸው ነው። በረሃ አላቋረጥኩም፣ ጀልባ ላይ አልወጣሁም፤ ዶሮ በሩዝ በልቼ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው ባሕሩን የተሻገርኩት። በሊቢያ በኩል የመጡት ልጆች ይህን ስነግራቸው በንቀት ያዩኛል፣ እውነታቸውን ነው።

ሞጣ ውስጥ ግን አንድ ሰው ትቼ ነበር። ብርቱካን ትባላለች፣ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ከመሄዴ በፊት «ወረቀቴ እንደ ወጣ ለአባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ» አልኳት። «አሁንስ?» አለችኝ። አሁን ምን ተብሎ ይላካል? ሽማግሌዎቹ አባቷ ፊት ቆመው «ልጁ ጨዋ ነው፣ የተማረ ነው፣ ነገ የት እንደሚያድር ግን አይታወቅም» ሊሉ ነው? ልጅቱን ከማግኘቴ በፊት አባቴን ማዋረድ አልፈለግኩም። «እሺ፣ እጠብቃለሁ» አለች። እንግዲህ እኔ ለወረቀት የተሯሯጥኩት ለአውሮፓ ፍቅር እንዳይመስላችሁ።

ድንቄም አውሮፓ። የምኖረው ሳራጎሳ ነው። ሲየርሶ የሚሉት ነፋስ አላቸው፤ ስም ያወጡለት ሊኮሩበት ነው መሰለኝ፣ ሰውን ከመንገድ ላይ አንስቶ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ዳቦአቸው ጠዋት ድንጋይ፣ ማታ ደግሞ የበለጠ ድንጋይ ነው። የአሳማ እግር ከነሰኮናው ቡና ቤት ጣሪያ ላይ ይሰቅሉና ከሥሩ ቁጭ ብለው ይሳሳማሉ። እራት የሚበሉት ቢቸና ሁለተኛ እንቅልፍ በሚያዝበት ሰዓት ነው። ከዚያ ሆዴን አመመኝ ይላሉ።

አከራዬ ሴኞር ፓኮ ይባላል። ጡረታ የወጣ ሹፌር ነው፣ ማሞቂያውን እንደ ልጁ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ክረምት ላይ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ።

«ይበርደኛል፣ ማሞቂያውን ይክፈቱልኝ» አልኩት።

«አፍሪካዊ አይደለህ እንዴ? ምን ይበርድሃል?»

«የእኔ አገር ደጋ ነው። ከፍ ያለ፣ ቀዝቃዛ አገር ነው።»

ትንሽ አሰበና «ታዲያ ለምደኸዋላ» ብሎ በሩን ዘጋው።

የውጭ ዜጎች ቢሮም ያው ነው። አራይጎ የሚሉት ነገር አላቸው፣ ሥር መስደድ እንደ ማለት ነው። ያለ ወረቀት የተወሰነ ጊዜ ከተደበቅክ በኋላ መጥተህ ሥር መስደድህን ታስመሰክራለህ። ከመስኮቱ ወዲያ ማስቲካ የምታኝክ ሴት ነበረች።

«ጎረቤቶችህን ታውቃቸዋለህ?» አለችኝ።

«እኔ አውቃቸዋለሁ። ሰላም የማይሉኝ እነሱ ናቸው።»

«የሥራ ውል አለህ?»

«የለኝም።»

«ውል ይዘህ ና፤ ያለ ውል ሥር የለም» ብላ ቀጣዩን ጠራች። በአንድ ቃል፣ ውል ካለ ወረቀት አለ፣ ወረቀት ካለ ብርቱካን አለች፤ ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ያኔ አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ በድብቅ ሳህን አጥብ ነበር። አስተናጋጆቹ እንግሊዝኛ እንማር ብለው ሞታቸው ነው፣ ቱሪስት ጉርሻ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ለቀለደው ነውና። ሞጣ አስተማሪ እንደ ነበርኩ ሲሰሙ በዕረፍት ሰዓታችን ከበቡኝ። ማወዳደሪያ ላይ ስንደርስ ነው ጉዱ። በእነሱ ቋንቋ «ማስ» የምትል አንዲት ቃል አለች፣ ለትልቁም ለትንሹም፣ ለአጭሩም ለረጅሙም እሷን ከፊት መለጠፍ ነው፤ ማስ ግራንዴ፣ ማስ ኢንተሊጀንቴ፣ አለቀ። የሰነፍ ቋንቋ። ስለዚህ እንግሊዝኛውንም «ሞር ቢግ» ይሉታል። አጭር ቃል ከሆነ ከኋላው «ኧር» ይጨመርበታል፣ ረጅም ሲሆን ነው ከፊቱ «ሞር» የሚመጣው፣ ብዬ ብል፣ ብል፣ «ቢገር» ካስባልኳቸው በኋላ «ሞር ቢገር» ይሉኛል። ከዚያ «ዛን» ማለት ሲገባቸው «ዛት» ይላሉ፣ የእነሱ «ኬ» ለሁለቱም ስለምታገለግል። «ከክፍሉ ሁሉ ጎበዝ» ለማለት «ኢን ዘ ክላስ» ማለት ሲገባቸው «ኦፍ ዘ ክላስ» ይላሉ። «ሞር ቤተር» የሚለውን ደግሞ በራሳቸው ቋንቋ ሕፃን ቢለው እናቱ የምትቆጣበትን ስህተት፣ ጢማቸው የወጣ ሰዎች ደረታቸውን ነፍተው ይሉታል።

እኔን የገረመኝ ግን ስህተቱ አልነበረም። ሁሉም የሚያወዳድሩት ራሳቸውን ነው። ምሳሌ ስጡ ስል የኢኳዶሩ አስተናጋጅ ተነስቶ «እኔ የዚህ ምግብ ቤት መልከ መልካሙ ነኝ» አለ። አጠገቡ ያለው «እኔ ከእሱ እበልጣለሁ» አለ። ምግብ አብሳይዋ «ከሁላችሁም ብልህ እኔ ነኝ» አለች። ማንም አላፈረም። ሞጣ ትዝ አለኝ። ሰሌዳው ላይ «እኔ ከአልማዝ እበልጣለሁ» ብዬ ጽፌ አንዱን ተማሪ ሳስነሳ፣ ልጁ አንገቱን ደፍቶ «አልማዝ ከእኔ ትበልጣለች» ይል ነበር። አልማዝን ሳስነሳት ደግሞ «እሱ ይበልጠኛል» ትላለች። ክፍሉ በሙሉ እርስ በርሱ ሲከባበር ደወሉ ይደወል ነበር። እንግሊዝኛው ትክክል ነውና ማርኩን እሰጣቸዋለሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

የሳህን አጣቢው አስተማሪ ወሬ ዶኛ ኢኔስ ጆሮ ገባ። ዶኛ ኢኔስ ለሆቴልና ለምግብ ቤት ሠራተኞች እንግሊዝኛ የሚያስተምር ቤት አላት፣ አካዴሚያ ትለዋለች፣ ከጫማ መሸጫ በላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ ስትፈልገው የምትውል ሴት ናት። ለሙከራ አስተምር አለችኝና ያለ ውል አስተማርኩ። ተማሪዎቼ በጥቂት ጊዜ ውስጥ «ሞር ቢግ»ን ተዉ። እሷም በሩ ላይ ቆማ እያየች ራሷን ትነቀንቅ ነበር፣ ተስፋዬ ለመለመ።

ከዚያ ኮነር መጣ። የአየርላንድ ልጅ ነው፣ ጢሙ ቀይ፣ ጊታር ያለው። በሕይወቱ ሰው አስተምሮ አያውቅም። ተማሪ «ለምንድን ነው ቢገር ላይ ጂ ሁለት የሆነችው?» ብሎ ሲጠይቀው ትከሻውን ይነቀንቅና «እንዲያው ነች» ብሎ ጊታሩን ያነሳል። ተማሪዎቹ ያጨበጭባሉ። ዶኛ ኢኔስ ሁለታችንንም ጠርታ «የምፈርመው ለአንድ ሰው ነው» አለችን።

በዚያው ሳምንት ብርቱካን ደወለች። ሞጣ ላይ የብረታ ብረት ሱቅ ያለው አንድ ሰው ለአባቷ ሽማግሌ ልኳል። አባቷ እንደ ወጉ «እንመካከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ» ብለዋቸዋል። «ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ግን አባቴ ዝም ማለት አይችልም» አለችኝ። «የአንተ ነገር ምን ደረሰ?» ውሉ ሊፈረም ነው አልኳት። አምኜበት ነው ያልኩት።

ቀጠሮው ቀን ዶኛ ኢኔስ መጀመሪያ ኮነርን አስገባች። ሲወጣ እያፏጨ ነበር። እኔ ገባሁ፣ ሸሚዜ ተተኩሷል። ስለ ሥራ ልምዴ፣ ስለ ሞጣ ጠየቀችኝ፣ ጥሩ መለስኩ። ከዚያ መነጽሯን ከፀጉሯ አወረደችና፣

«የኮነርን ክፍል አይተኸዋል። እውነቱን ንገረኝ፣ ከሁለታችሁ ማን ይሻላል?» አለች።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ሰው ፊት ቆሞ እኔ እሻላለሁ ይባላል? እንኳን እኔ፣ ያ የሞጣው ባለ ሱቅም ቢሆን አይላትም። ይህ እኮ ሰርግ ቤት ደጃፍ ላይ እንደ መቀመጥ ነው። አንተ በሩ ሥር ትቀመጣለህ፣ ባለቤቱ ይመጣና «ኧረ ምን ሲባል፣ ወዲህ ከፍ በል» ብሎ እጅህን ይጎትታል፣ እምቢ ትላለህ፣ ይጎትታል፣ ከዚያ ትነሳለህ። ራሱ ሄዶ ከላይ የሚቀመጥ ምን ዓይነት ሰው ነው? ስለዚህ ፈገግ ብዬ፣ በጠራ እንግሊዝኛ፣

«ሂ ኢዝ ቤተር ዛን ሚ» አልኳት።

ስሜ ይበልጣል ነው እንግዲህ። አዎ፣ ሳቁ።

እጄን እስክትጎትተኝ ጠበቅኩ። «ኧረ አንተ ትሻላለህ» እስክትል። እሷ ግን እስክሪብቶዋን አንስታ የሆነ ነገር ጫር ጫር አደረገችና «ለእውነተኛነትህ አመሰግናለሁ» አለችኝ። ደረጃውን ስወርድ እንኳ መልሳ የምትጠራኝ መስሎኝ ቀስ እያልኩ ነበር። ኮነርን ምን ብሎ እንደ መለሰ ጠየቅኩት። «እኔ ነኛ፣ ይህማ ግልጽ ነው» ብሏት ነው የወጣው። ባለጌ። ኤዲያ፣ ልጁ ምን ያድርግ፣ አሳዳጊው ያላስተማረውን።

የምሄድበት ጋሽ ታደለ ዘንድ ብቻ ነበር። ጋሽ ታደለ የደጀን ሰው ናቸው፣ ሳራጎሳ ያረጁ፣ ሥጋ ፋብሪካ ይሠራሉ። የምን ሥጋ እንደ ሆነ አትጠይቁኝ፣ ደጀን ያሉ ዘመዶቻቸውም የበግ ነው ብለው ነው የሚያምኑት። ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። እጃቸውን እየጠረጉ ሰሙኝና፣

«አንተ ብቻህን ነው የገባኸው?» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ሰው አጥተህ ነው? ሰው ስለ ራሱ ምን ብሎ ሊናገር ኖሯል? እኛ እያለን?»

እውነት ነው ብዬ አሰብኩ። ለካ የጎደለኝ ይህ ነው። አሁን ስጽፈው ሞኝነቱ ይታየኛል፣ ያን ቀን ግን እንዲህ ያለ ብልህ ሐሳብ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሽማግሌ እንልክባታለን አልን። አንዱ ራሳቸው፣ ሁለተኛው የሚስታቸው ወንድም፣ ምንም የማይናገር ግን ጥቁር ኮት ያለው ሰው ነው። ሦስተኛው የአገሩ ተወላጅ ይሁን፣ ሴትዮዋን በወጓ የሚያናግር፣ አሉ ጋሽ ታደለ። እኔ የማውቀው የአገሩ ተወላጅ ሴኞር ፓኮ ብቻ ነው። ሄጄ ጠየቅኩት። «ሥራ ካገኘህ ቤቱን አትለቅማ?» አለ። አልለቅም አልኩት። ከረቫቱን አሰረ።

ሽማግሌ ላኪው አብሮ እንደማይሄድ ታውቃላችሁ። እኔ የመጨረሻ ክፍሌን ሳስተምር ነበር፣ ግድግዳው ስስ ነው፣ ሁሉንም ሰማሁ። ተማሪዎቼ «ዘ ታለስት፣ ዘ ፋስተስት» እያሉ ይለማመዳሉ፣ ከወዲያ ማዶ ወንበር ሲሳብ ይሰማኛል።

«ቁጭ በሉ» አለች ዶኛ ኢኔስ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ታደለ፣ በዚያ ፋብሪካ ውስጥ በተማሩት ስፓኒሽ።

«ሰልፍ ነው? ከሠራተኛ ማኅበር ነው የመጣችሁት?»

«የመጣነው ስለ ልጃችን ነው። ልጃችን የጨዋ ልጅ ነው። አባቱ መምህር ናቸው፣ አያቱ ቄስ ነበሩ። የእርስዎን ሥራ ለእሱ እንዲሰጡልን እንለምናለን።»

 ከዚያ ሴኞር ፓኮ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ አከራዩ ነኝ። እስከ ዛሬ ካከራየኋቸው ሁሉ ሙቅ ውኃ የሚቆጥብ እሱ ነው። ሴት አያመጣም። ጮኾ አያወራም። ኪራይ ላይ ይዘገያል፣ ከበፊተኛው ተከራይ ግን ይሻላል።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። የጥቁር ኮቱ ሰውዬ ምንም አላለም፣ እግዜር ይስጠው።

ዶኛ ኢኔስ በሩን ከፍታ እኔ ክፍል ገባች። ስሜን ጠርታው አታውቅም በትክክል።

«ኢቤልታል፣ እነዚህ ሰዎች የአንተ ናቸው?»

«ናቸው።»

«ለምን ራስህ አልመጣህም?»

«እኛ ጋ ሰው ስለ ራሱ አይናገርም።»

ተማሪዎቹ ሁሉ ዞረው ያዩናል። ሴትዮዋ በንዴት ትናገረኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ የተናገረችው ግን ቀስ ብላ ነው።

«እኔ እኮ ጠየቅኩህ። አንተ እንደምትሻል አውቅ ነበር። ከአፍህ ልስማው ብዬ ነው የጠየቅኩህ። እኔ አልሻልም የሚል አስተማሪ ለሆቴሎቹ ምን ብዬ አቀርባለሁ? የኮነር ውል ትናንት ተፈርሟል።»

እስከ ዛሬ የምንቃት ሴትዮ ናት፣ አሁንም እንቃታለሁ፣ ያን ቀን ግን እውነቷን ነበር። ጋሽ ታደለ ሲወጡ ኮፍያቸውን አንስተው «ችግር የለም፣ ደግመን እንመለሳለን» አሏት። የመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል ባለቤት የለም ብለው እኮ ነው። እሷ ፖሊስ እጠራለሁ አለች። ሴኞር ፓኮ ታች ወርዶ ከረቫቱን እየፈታ «መጥፎ አልነበረም» አለኝ።

በነጋታው ቀትር ላይ ብርቱካን ደወለች። ውሉ እንደ ቀረ ነገርኳት። እንዴት እንደ ቀረም ነገርኳት፣ ምን ልደብቃት? ሴኞር ፓኮ ጋ ስደርስ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ብዙ ጊዜዬ ነው፣ እኔም ሳቅኩ፣ የሳህን ማጠቢያው ላይ ተደግፌ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ።

«ሙቅ ውኃ ይቆጥባል አለ?» ትላለች።

«ይቆጥባል አለ።»

ከዚያ ሳቋን ተወችና፣ 

«ስንት ሰው ነው የላክህባት?»

«ሦስት።»

«ለሥራ?»

«ለሥራ።»

«ለማታውቅህ ሴትዮ ሦስት ሽማግሌ ላክህ» አለች። «የእኔ አባት ደጅ ግን እስከ ዛሬ አንድ ሰው ልከህ አታውቅም።»

ወረቀቱ እስኪወጣ ብዬ እኮ ነው አልኳት።

«ወረቀት ማን ጠየቀህ? አባቴ የሚጠብቀው ሰው ነው» አለችኝ። የባለ ሱቁ ሽማግሌዎች እሑድ እንደሚመለሱ ነገረችኝና ዘጋችው።

ዛሬ ሐሙስ ነው። አባቴ ዘንድ ከጠዋት ጀምሮ እደውላለሁ፣ ስልካቸው ይጠራል፣ አይነሳም። ቢቸና ሆናችሁ ይህን በስልካችሁ የምታነቡ፣ እኔን ስታሙ የምትውሉትም ጭምር፣ እባካችሁ አንዳችሁ ቤታቸው ድረስ ሂዱልኝ። ሁለት ሰው ይዘው ከእሑድ በፊት ሞጣ ይድረሱልኝ በሏቸው። ልጅዎ ምን ሥራ አለው ተብለው ቢጠየቁ ሳህን ያጥባል ይበሉ።